ከነገ የተበደርነው ንቃት

(በሻንቶ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ልነግራችሁ አስቤ የመጣሁት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ስለ ደም ምርመራ ጥቅም አራት ገጽ ሙሉ ጽፌ ይዤ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን የፀረ ኤድስ ክበባችሁ ልጆች በጥያቄ ሣጥኑ ውስጥ የተጠራቀሙትን ወረቀቶች ሲያስረክቡኝ ሁለት ቁራጭ ወረቀቶች ዕቅዴን አስለወጡኝ።

የመጀመሪያዋ እንዲህ ትላለች፦ «ጫት የምቅመው ለጥናት ብቻ ነው። ሴት ጋ አልሄድም፣ መርፌም አልወጋም። ታዲያ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘኝ? ደግሞ ጫት ዕፅ ነው የሚባለው እውነት ነው?» ስም የላትም። የእጅ ጽሑፉ ግን ያምራል፤ ጎበዝ ተማሪ እንደጻፋት ያስታውቃል።

ሁለተኛዋ አጭር ናት፦ «ወንድሜ ከውጭ አገር ከመጣ ጀምሮ ሌሊት አይተኛም። ሰው ይከታተለኛል ይላል። እናቴ መንፈስ ነው ትላለች። ምን እናድርግ?»

ሁለቱ ወረቀቶች የማይገናኙ ይመስላሉ። እኔ ግን ማታ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው የአንድ ታሪክ መጀመሪያና መጨረሻ መሰሉኝ። ዛሬ ስለዚያ እናወራለን።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። በመፈክር አልፋችሁ መሄድ አልፈልግም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ስለ ሱስ ሊያስተምሩን የሚመጡ ሰዎች የራስ ቅልና አጥንት የተሳለበት ፖስተር ለጥፈው፣ «ሱስ ይገድላል!» ብለውን ይሄዱ ነበር። እኛ ደግሞ ጠዋት ቅሞ እስከ ማታ መሬት የሚቆፍር አጎት ስላለን ፖስተሩን እያየን እንስቃለን። የተጋነነ ትምህርት ሰው አያስፈራም፤ አስተማሪውን ያስንቃል እንጂ። ስለዚህ የማውቀውን በልኩ እነግራችኋለሁ፣ እናንተ ደግሞ በልኩ ትሰሙኛላችሁ።

ነገሩን ከሩቅ እንጀምር። ሜታምፌታሚን የሚባል ዕፅ አለ። ብዙዎቻችሁ በፊልም ሳታዩት አትቀሩም። መልኩ የተሰባበረ መስታወት ይመስላል፤ በአንዳንድ አገሮች «አይስ» የሚሉትም ለዚህ ነው። በዓረብ አገሮች «ሻቡ» ይሉታል፤ በደቡብ አፍሪካ፣ በተለይ በኬፕታውን፣ «ቲክ» ይባላል። እነዚህን ስሞች የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ከወላይታ፣ ከጎረቤቶቻችን ከሀዲያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደወጣ፣ ስንቷ እህታችን ዓረብ አገር እንዳለች እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ሻንቶ ገበያ ላይ ቲክ ሲሸጥ አላየሁም። የሻንቶ ልጅ ግን ቲክ በሚሸጥበት ሰፈር ሱቅ ይከፍታል፤ ለጊፋታም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ዕፅ ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ የሠራው ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1893 ነበር። ለረጅም ጊዜ ያን ያህል የፈለገው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1938 ግን በጀርመን አገር ፐርቪቲን በሚል ስም ክኒን ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ለድካም፣ ለእንቅልፍ፣ ለመጫጫን ፍቱን ነው ተባለ። በዓመቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለወታደሮች ይታደል ጀመር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1972 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሃይንሪሽ ቦል ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወታደር ነበር፤ ከግንባር ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ፐርቪቲን ላኩልኝ እያለ ይለምናቸው ነበር። አስቡት እስቲ፣ ከእናንተ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነው። የጻፈው ስለ ጭፈራ አይደለም። ዘብ ላይ እንቅልፍ አሸነፈኝ ነው የሚለው።

ጃፓንም በጦርነቱ ዘመን ፊሎፖን በሚል ስም ለወታደሩና በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራው ሰው ትሰጥ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የተከማቸው መድኃኒት ወደ ገበያ ወጣ። በተራበና በተጎሳቆለ ሕዝብ መካከል፣ በተለይ በወጣቱ፣ ሱሱ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ፤ ብዙዎች በመርፌ ይወጉት ጀመር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1951 ጠንካራ ሕግ እስከማውጣት ደረሰ።

ይህን ሁሉ ታሪክ ያመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ «ልጥፋ» ብሎ የጀመረ የለም። ወታደሩ ለዘብ፣ ሠራተኛው ለፈረቃ፣ ሾፌሩ ለመንገድ ብሎ ነው የጀመረው። «ለጥናት ብቻ» ብለህ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አንተም ከእነሱ ወገን ነህ።

አሁን ዕፁ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ እንይ። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተርበን ስንበላ፣ ፈተና ስናልፍ፣ የምንወደው ሰው ሲስቅልን በመጠኑ ይለቀቃል፤ «ይህን ነገር ድገመው» የሚል መልእክት ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የላከው የነርቭ ሴል መልሶ ይሰበስበዋል፣ ለነገ ያስቀምጠዋል። ሜታምፌታሚን ሴሉ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠውን ዶፓሚን በአንድ ጊዜ ያፈሰዋል፤ የሚሰበሰብበትንም በር ይዘጋዋል። የዓመት እህል ያለበትን ጎተራ በአንድ ሌሊት ደጅ ላይ እንደመድፋት ነው። ያን ሌሊት ቤቱ በጥጋብ ይሞላል፤ በማግስቱ የሚበላ የለም።

ደግሞም ቶሎ አይወጣም። ኮኬይን የተባለው ዕፅ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሰዓት ገደማ ሲበቃው፣ ሜታምፌታሚን አሥር ሰዓት ያህል ይፈልጋል። በእነዚህ ሰዓታት ሁሉ ልብ ይሮጣል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት ይግላል፣ ምግብ ያስጠላል። ለቀናት ሳይተኛ የሚቆይ ሰው አለ። በወጣትነቱ የልብ ድካም ወይም የአንጎል ደም መፍሰስ የሚያገኘውም አለ። ሲደጋገም ደግሞ ትንሽ ትንሹ ደስታ ሁሉ ይሞታል። ቡና አይጥምም፣ የሰው ጨዋታ አይጥምም፣ የእናት ድምፅ እንኳ አይጥምም። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ያንኑ ዕፅ መጨመር። ሱስ ማለት ይህ ነው እንጂ የባሕርይ ብልሹነት አይደለም።

በሥራዬ ያገኘሁት አንድ ወጣት አለ። የየት ቀበሌ ልጅ እንደሆነ አልናገርም። ታሪኩን ግን «ለተማሪዎች ንገርልኝ» ብሎኛል። ኬፕታውን ዳር ባለ ሰፈር ስድስት ዓመት ሱቅ ነግዷል። ሱቁ ሌሊት እንዳይዘረፍ ነቅቶ ማደር ነበረበት። አንድ ሌሊት ጎረቤቱ በመስታወት ቧንቧ የሚጨስ ነገር ሰጠው። የዚያን ሌሊት ነገር ሲያወራ ዛሬም ፊቱ ይበራል፤ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። ሱቁን ጥርግ አድርጎ አጸዳ፣ የዓመቱን ሂሳብ ሠራ፣ ለእናቱ ደወለ። ድካም የሚባል ነገር ከዓለም የጠፋ መሰለው። «ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የጠፋሁት ያንን ሌሊት ስፈልግ ነው» ይላል። አላገኘውም።

ሱቁ ሄደ። ገንዘቡ ሄደ። ወንድሞች አዋጥተው ወደ አገሩ መለሱት። እቤት እንደገባ ሦስት ቀን ሙሉ ተኛ፤ እናቱ የመንገድ ድካም መስሏቸው ገንፎ እየሠሩ ይቀሰቅሱታል፣ በልቶ ይተኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ከጓሮ እንሰቱ ሥር የተደበቀ ሰው አለ ብሎ በባትሪ ይፈልግ ጀመር። የአባቱን ሬዲዮ ፈታ፣ ገጠመ፣ እንደገና ፈታ፤ ቀኑን ሙሉ። ከቆዳው ሥር ትል የሚሄድ እየመሰለው ክንዱን ይቧጥጣል፤ ጠባሳዎቹን አሳይቶኛል። ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ የፊት ጥርሶቹ ግን አልቀዋል። ዕፁ አፍ ያደርቃል፣ ጥርስ ያፋጫል፣ ሰውየውም አፉን መታጠብ ይረሳል፤ ጥርስ የሚያልቀው በዚህ ሁሉ ተባብሮ ነው። ሰፈሩ «አብዷል» አለ። አንዳንዱ «በምቀኝነት ያደረጉበት ነው» አለ። እናቱ ልጃቸውን ይዘው ያልደረሱበት ቦታ የለም። ዕፅ ነው ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም፤ ስሙንስ ማን ያውቀዋል?

የኤች አይ ቪ ምርመራ ሲያደርግ አጠገቡ ነበርኩ። ነፃ ነህ ሲባል አልተደሰተም፤ ደነገጠ። «እንዴት?» አለ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከእነማን ጋር እንደነበረ አያስታውሰውም ነበር።

ወደ ቅጠላችን እንመለስ።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክስ ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ኬሚስትሪ የምትወዱ ካላችሁ የካቲኖንንና የአምፌታሚንን ቀመር ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ሁለት ሃይድሮጅን ወጥቶ አንድ ኦክስጅን ከመግባቱ በቀር አንድ ናቸው። ሜታምፌታሚን ደግሞ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ዛሬ ካቲኖንን በአንደኛው ሠንጠረዥ፣ ሜታምፌታሚንን በሁለተኛው አስቀምጧቸዋል። ቅጠሉ ራሱ ግን በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። በአገራችን አይከለከልም፤ እንዲያውም የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ከልክላዋለች። ስለዚህ «ዕፅ ነው ወይ?» ላልከኝ መልሴ፣ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ አንጎልህ ግን የትም አገር ያው አንጎል ነው።

ካቲኖን ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው፣ የጫት አይሱዙዎችም በየመንገዱ እንደዚያ የሚበሩት ለዚህ ነው።

አሁን በልኩ እንነጋገር ብዬ ቃል ስለገባሁ ልዩነቱንም ልናገር። ጫት ቲክ አይደለም። ቅጠል አላምጦ ለመመርቀን ሰዓታት ይፈጃል፣ ሆድና መንጋጋ ራሳቸው ልክ ያበጁለታል፣ ኃይሉም ያነሰ ነው። ለዘመናት እየቃመ ቤቱን ያስተዳደረ ሰው እንዳለ አልክድም። መንገዱ ግን ወዴት እንደሚሄድ ቃሚዎቹ ራሳቸው ባወጧቸው ቃላት ይታወቃል። ሀራራ አሉት፤ ጫቱ ሲቀር የሚመጣውን መቁነጥነጥና ብስጭት ነው። ዱካክ አሉት፤ ሲተኙ የሚመጣውን ቅዠት ነው። ጀዝባ አሉት፤ ሥራም ትምህርትም ትቶ ጫት ቤት ደጃፍ የቀረውን ሰው ነው። እነዚህን ቃላት ያወጣው የጤና ቢሮ አይደለም።

እና ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው? አንድ የበርጫ ቀን ልግለጽላችሁ። ይህን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፤ ሦስተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እኔም ለጥናት ብዬ ነው የጀመርኩት።

ስምንት ሰዓት ላይ አምስት ሆነን እንቀመጣለን። ለውዝ፣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ባለ ዕቅድ ነው። አንዱ ሶዶ ላይ ሆቴል ይሠራል፣ አንዱ መጽሐፍ ይጽፋል፣ እኔ ፒ.ኤች.ዲ. ጨርሻለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት የምታነበው ሁሉ የገባህ ይመስልሃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ዝምታ ይመጣል። ልብ ይደነግጣል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሆድ ባዶ ነው። ያኔ አንዱ «ጨብሲ!» ይላል።

ጨብሲ ምን እንደሆነ ላልሰማችሁ፣ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ መጠጥ ነው፤ ቢራም ይሁን አረቄ። «ጫቱ ያነቃውን መጠጡ ያስተኛዋል» ይባላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጫቱ የስካሩን ድብታ ይሸፍነዋል እንጂ ስካሩን አይቀንሰውም። ሰውየው ሰክሯል፣ ግን አልተኛም። ተራ ሰካራም ሁለት ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ያንቀላፋል፤ ቅሞ የጠጣው ግን እስከ ስምንት ሰዓት ሌሊት እግሩ ይሄዳል፣ እጁ ይሠራል፣ አመዛዛኙ ክፍል ብቻ ነው ቤት የቀረው። ወንድሜ፣ አንተ «ሴት ጋ አልሄድም» ያልከው በጠዋቱ ጭንቅላትህ ነው። እዚያ ሰዓት ላይ የሚወስነው ግን ሌላኛው ነው።

ከአምስታችን አንዱ፣ ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው፣ በጣም ቁጥብ ልጅ ነበር። ሲያጠና ብቻ ይቅማል፣ በወር አንዴ እንኳ አይወጣም። አንድ የፈተና ማብቂያ ቀን አብሮን ወጣ። ሌሊት ተለያየን። ጠዋት ሲመጣ ዝም አለ፤ እኛም ቀለድንበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደም ሊለግስ ሄዶ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ተነገረው። እኔን ፈልጎ ሲነግረኝ ያለቀሰው ስለ በሽታው አልነበረም። «ያንን ነገር የወሰንኩበትን ደቂቃ አላስታውሰውም» ነው ያለኝ። ዛሬ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል፣ ቫይረሱም በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዶለታል፣ ሥራም ይዟል፣ አግብቷል። ሕይወቱ አልተበላሸም። ያ ቀልዳችን ግን እስከ አሁን ይቆጠቁጠኛል።

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አለ፤ ተመራማሪዎቹ በአገራችን በትምህርት ቤት ያሉና ከትምህርት ቤት ውጭ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆነ ከ20 ሺህ በላይ ወጣቶችን ጠይቀዋል። በየቀኑ ጫት የሚቅሙት ከማይቅሙት ይልቅ ጥንቃቄ ለጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያላቸው ተጋላጭነት ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በየቀኑ አልኮል በሚጠጡት ላይ ደግሞ ሦስት እጥፍ። ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው «ሁለት ነገር አብሮ ስለተገኘ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለት አይደለም» ማለቱ አይቀርም፣ እኔም እላለሁ። ቀድሞውንም ለአደጋ የቀረበ ልጅ ወደ ጫቱም ሊሄድ ይችላል። ግን ያንን ሌሊት አይቼዋለሁና፣ ለእኔ ቁጥሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ለእህቶቼ ደግሞ አንድ ቃል። «ነይ ቁጭ ብለን እንጫወት» ተብላችሁ የምትጠሩበት የጫትና የሺሻ ቤት ጥሪ ውስጥ የምርቃናው ሒሳብ አብሮ አለ። የመረቀነችና የጠጣች ልጅ «እሺ» አለች ማለት ፈቀደች ማለት አይደለም። ከእንደዚህ ያለ ሌሊት በኋላ የነቃች፣ ወይም የተገደደች ልጅ ካለች፣ እፍረቱን ትተዋትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ትሂድ። ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ለወንድም ያው ነው። ይህችን ቁጥር ከንግግሬ ሁሉ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። 72 ሰዓት።

ቫይረሱ በደማቸው ላለ ወገኖችም ጉዳዩ ከባድ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ኃይሉ በየቀኑ በመወሰዱ ላይ ነው። ቀንና ሌሊት የተምታታበት፣ ምግብ የማይበላ፣ ለሦስት ቀን የማይተኛ ሰው ክኒኑን እንዴት ያስታውሰዋል? በመርፌ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መርፌ ሲዋዋሱ ቫይረሱ በቀጥታ ከደም ወደ ደም ይሄዳል።

ስለ ጥናቱ ጉዳይ ደግሞ ልመልስ፣ ዋናው ጥያቄህ እሱ ስለሆነ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ፈርቶ ሌሊቱን ለማስረዘም የሚፈልግን ልጅ ሰነፍ አልለውም። ነገር ግን ያነበብነው ነገር በአንጎል ውስጥ ቦታ ቦታውን የሚይዘው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። እንቅልፉን ሽጠህ የገዛኸው የንባብ ሰዓት መያዣ የሌለው ውኃ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ቅሜ ስለ ዱርካይም ያላነበብኩት አልነበረም፤ በምርቃናው ሰዓት ሰውየው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ነበር። ጠዋት ወረቀቱ ሲመጣ ስሙን እንኳ በትክክል ለመጻፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ዲ» አገኘሁ። ዱርካይምን የተረዳሁት በማግስቱ ከሰዓት፣ አሥራ አራት ሰዓት ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ ነው።

መተው ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ግን ከባድ ሳምንታት አሉት። ጫት ሲተው የሚመጣው ድካም፣ ድብርት፣ ሀራራና ዱካክ ሰው ያስበረግጋል፤ ብዙው ሰው ተመልሶ የሚገባው በዚያ ሳምንት ነው። አያልፍም ብሎ ስለሚያስብ ነው እንጂ ያልፋል። እኔ ስተው አብሮኝ የተወ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ በየማታው በጫቱ ሰዓት ከግቢ ወጥተን እንሄድ ነበር፣ ዝም ብለን በእግር። ብቻዬን ቢሆን አልችለውም ነበር። የቅመም ሰዓት፣ የቅመም ቤት፣ የቅመም ጓደኛ ከተውክ ግማሹን ትተኸዋል።

የሜታምፌታሚን መንገድ ረዘም ይላል። ሱሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ሕክምናው በምክር፣ በክትትልና በቤተሰብ ድጋፍ ላይ የቆመ ነው፤ ቅዠቱንና ጥርጣሬውን ግን በመድኃኒት ማስታገስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖራ ቮልኮው የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ዕፁን ትተው ከአንድ ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎችን አንጎል በምስል አይተው ነበር። የተጎዳው የዶፓሚን ሥርዓት በብዛት አገግሞ ነበር። የማስታወስና የእንቅስቃሴ ችሎታቸው ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ነበር። አያችሁ፣ ጎተራው እንደገና ይሞላል፤ በአንድ መኸር ግን አይደለም።

ያ የኬፕታውኑ ልጅ ሕክምና ጀምሮ ዓመት አልፎታል። ሌሊት ይተኛል። የአባቱን ሬዲዮ እንደገና ገጥሞታል፤ አሁን ይሠራል፤ አንዱ ማዞሪያ ብቻ ጠፍቷል።

ሁለተኛዋን ወረቀት ለጻፍሽው ወይም ለጻፍከው ልጅ። ወንድምህን በዓይኔ ስላላየሁት በሽታው ይህ ነው ልልህ አልችልም፤ ሌላም ሕመም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ሐኪም ነው። ለእናትህ «ተሳስተሻል» ብለህ አትጣላቸው። ጸሎታቸውንም አትንቀፍባቸው። «እየጸለይን ጤና ጣቢያም እናሳየው» በላቸው። ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፈው ሶዶ መውሰድ ይቻላል። ወንድምህን አትከራከረው፤ «ማንም አይከታተልህም» ብትለው አንተም ከሚከታተሉት አንዱ ትሆንበታለህ። አትሰሩት፣ አትቆልፉበት። ሌሊት ስለታም ነገር ከአጠገቡ አንሱ። ውኃ ይጠጣ፣ ትንሽ ትንሽ ይብላ። «እዚያ አገር ሳለህ እንዳትተኛ የሚሰጡህ ነገር ነበር ወይ?» ብለህ ቀስ ብለህ ጠይቀው፤ በጥያቄው ውስጥ ወቀሳ እንዳይኖርበት ተጠንቀቅ። ሰውን እጎዳለሁ ወይም ራሴን አጠፋለሁ የሚል ነገር ከተናገረ ግን ሳታድሩ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት።

እኔ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የክበባችሁ ክፍል ውስጥ ነኝ። ነገም ጠዋት አለሁ። በሩ በጓሮ በኩልም ይከፈታል፣ ማንም ሳያይ መግባት ትችላላችሁ። በልኳ የተጻፈችውን የመጀመሪያዋን ወረቀት የጻፍከውም ልጅ ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ የዱርካይም ደብተሬ አሁንም አለ።